ከሠላሳዎቹ ስድስቱ

ለውድ እትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? እኔ፣ ድካሙ ካልተቆጠረ፣ ደህና ነኝ። ፖስታው ላይ ስሜን ያልጻፍኩት ሳትከፍቺ እንዳትመልሺው ፈርቼ ነውና ይቅር በይኝ።

ስለ ሥራዬ ሰምተሽ ይሆናል። የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነኝ፤ እብድ ግን አላክምም። የማጠናው ሰውና ማሽን ለምን እንደማይግባቡ ነው። ሰው ሲሳሳት ሁሉም ምን ነካው ይላል፤ እኔ ደግሞ ፊት ለፊቱ ምን ነበር ብዬ እጠይቃለሁ። በዚህ ጠባዬ የሚወደኝ አለቃ የለም።

ዘንድሮ አንድ የብረት መጋዘን የክሬን መቆጣጠሪያዎቹን እንድፈትሽ ጠራኝ። ከዕቃ ክፍሉ አንድ በእጅ የሚያዝ አሮጌ መቆጣጠሪያ አወጡልኝ። ያን ዕለት አባቴ የያዘው ዓይነት ነው። እሱ አሥራ አንድ ዓመት በሠራበት ክሬን ማንሻው ቁልፍ ከላይ፣ ማውረጃው ከታች ነበር። በዚህኛው ተገላብጧል፤ ቀለሙም መጠኑም አንድ ነው። ያኔ አዲስ በነበረው በዚህኛው በሠራ በአራተኛው ቀን፣ ጋሼ ከጭነቱ ሥር እንጨት ሊያስተካክል ጎንበስ እንዳለ "አንሳው!" ብሎ ጮኸ። የቀረውን ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

አባቴ ለመርማሪዎቹ እጄ ቀደመኝ አላቸው። አንቺ ደግሞ በቀብሩ ማግስት፣ እጅ ብቻውን አይሄድም፣ ወንድሙን ገደለ አልሽ። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ አንቺን አመንኩ። ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ፦ ከዚያ ወዲያ ከቤት እስክወጣ ድረስ ከአባቴ እጅ ውኃ እንኳን ተቀብዬ አልጠጣሁም።

ሠላሳ የክሬን ሠራተኞች ሰበሰብኩ። በፊተኛው አሠራር የኖሩ ናቸው። አራት አራት ቀን በዚህ በተገላበጠው አለማመድኳቸው፤ ጭነቱ የአሸዋ ከረጢት ነው። ከዚያ ሳይጠብቁ "አንሳው!" ብዬ ጮህኩ። ሃያ አራቱ ከረጢቱን መሬት ላይ ጣሉት። አንደኛው ጎልማሳ፣ ማንም ሳይሞት፣ ቁጭ ብሎ እጁን ሲያይ ቆየ። ያን ቀን ሌላ ሰው መፈተን አልቻልኩም።

መጋዘኑ የሠራተኛ ጥንቃቄ ጉድለት ብለሽ ጻፊልን አለኝ። ያየሁትን ጻፍኩ። ሁለተኛ አይጠሩኝም።

ወረቀቱን ይዤ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ እስከ መጨረሻው አነበብኩለት። ሸክም የሚወርድለት መስሎኝ ነበር። ስጨርስ፣

"ያልሳቱት ስንት ናቸው?" አለኝ።

"ስድስት።"

"ሰባተኛ መሆን ነበረብኝ" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እትዬ፣ ማሪው ብዬ አልጨቀጭቅሽም፤ ማዘንሽን የሚከለክልሽ ወረቀት የለም። እኔ ያልኩት ልቡ አልገባም። ልቡ የሚገባው አንቺ የምትዪው ብቻ ነው። ሁለት ቃል ብትዪው ይበቃዋል፤ ምን እንደምትዪው ግን እኔም አላውቅም።

አሁን አልጋውን ወደ መስኮቱ አዙረንለታል። ሐኪሙም የከለከለውን ሁሉ መልሶ ፈቅዶለታል፤ የፈለገውን ይብላ ብሏል። ከመጣሽ አትዘግዪ።

እግዜር ጤናሽን ይጠብቅልሽ፤ ልብሽንም ያሳርፍልሽ።

ጸጉሯን ትሠሪላት የነበረችው፣
የባልሽ ወንድም ልጅ