ስቱኮ ያልነካው ታንክ

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 13፣ 2007

ሐሙስ ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ አውቶብስ ልቀድም ስል ከነሞተር ሳይክሌ ወደቅኩ። ጉልበቴ ሲያርፍበት የቤንዚን ታንኩ ሰረጎደ። ለባለቤቴ ለአልማዝ ትንፍሽ አላልኩም፤ ሞተሩን ሽጠው ብላ ትነዘንዘኛለች። አውሮራ ከተማ ያለ አንድ ሐበሻ መካኒክ፣ “ጋሼ፣ በስቱኮ ሞልተን ቀለም እንቀባው” አለኝ። ሃያ ዓመት አዲስ አበባ ባትላሜራ ሆኜ የተጨራመተ የመኪና ቆርቆሮ ሳቀና ኖሬ ስርጉዱን በስቱኮ ልሸፍን? አላደርገውም!

ዛሬ አልማዝ ሥራ ስትሄድ ታንኩን ፈታሁት። ቤንዚኑን ቀድቼ ደጋግሜ አጠብኩት። አንድ ዘንግ ብረት አጥፌ በታንኩ አፍ አስገብቼ ከውስጥ እየገፋሁ፣ ከውጭ በእንጨት መዶሻ እያለሰለስኩ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ታገልኩት። በመጨረሻ ወጣልኝ! ቶሎ ብዬ ገጠምኩት።

አልማዝ ከሥራ ተመልሳ ሞተሩ ወዳለበት ስትመጣ ቀጥ ብዬ ለመራመድ ጥርሴን ነከስኩ። ታንኩን በመዳፏ ዳበሰችው።

“ታንኩስ ዳነ” አለችኝ። “ከሐሙስ ጀምሮ የምታነክሰው እግርህስ?”