ከመንገድ ዳር የሚጀምረው ኮምባይነር

ለተከበሩ የእርሻ መሣሪያዎች ኪራይ አገልግሎት ኃላፊ፤

እንደምን ሰነበቱ? እርስዎም፣ ሠራተኞችዎም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ኮምባይነሩ በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ብዙ ያልተማርኩ፣ ከማረም ይልቅ መጻፍ የሚያልበኝ ሴት ስለሆንኩ፣ ስሕተት ቢያገኙ እንደ ወረፋዬ ይለፉት።

አስቀድሜ ላመስግን። ሟቹ ልጄ በዘር ወቅት ትራክተራችሁን ተከራይቶ ማሳችን በጊዜው ስለታረሰና በጊዜው ስለተዘራ፣ በዕድሜዬ አይቼው የማላውቅ ስንዴ ወጣ። ልጄ ግን ቡቃያውን እንጂ እሸቱን አላየም። ስለዚህ ከዚያ ስንዴ አጥብቄ የተመኘሁት አንድ ነገር ነው፤ በእጁ ከዘራው ለከርሞ ዘር ማስቀረት።

አሁን ወደ ትዝብቴ ልለፍ።

፩. ኮምባይነሩ የደረሰውን ማሳ ትቶ ከመንገድ ዳር እንዲጀምር በማዘዝዎ፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ሥራችሁን አይቷል። የመንገድ ዳሩ ማሳ፣ ከመዘግየታቸው የተነሣ ጋሽ ቀስ በቀስ የምንላቸው የጎረቤቴ ነው፤ ዘግይተው ዘርተው ስንዴያቸው ገና አረንጓዴ ነበር። «ኧረ እሸት ነው፣ ልጄ!» እያሉ ከማሽኑ ፊት ሮጡ፤ እኚህን ሰው ሲሮጡ ለማየት ያበቃን የእርስዎ መሥሪያ ቤት ነው። ሹፌሩ ትእዛዝ ነው ብሎ ገባ፤ ማሽኑም እርጥቡን ጎርሶ ታነቀና ቆመ። ልጄን ከቀበርኩ ወዲህ የሳቅኩት ያን ቀን ነው፤ አፌን በእጄ ብይዘው እንኳ አልቆም አለኝ። እግዜር ይስጥልኝ።

፪. ማሽኑ እስኪጠገን የእኔ ስንዴ ደርቆ ይረግፍ ጀመር። ወፎቹ ከመወፈራቸው የተነሣ ወንጭፍ ሳነሣ መብረሩን ትተው በእግራቸው ይሄዱልኝ ነበር።

፫. ቢሮዎ መጥቼ ብለምን፣ ጸሐፊዎ በትሕትና «እማማ፣ ወረፋው በመንገዱ ነው» አለችኝ። ታዲያ ስንዴውን ተሸክሜ መንገድ ዳር ላቁመው እንዴ ብላት እሷም ሳቀች። ጥሩ ልጅ ናት፤ እንዳይቆጧት።

በመጨረሻ ጎረቤቶቼ ማጭድ ይዘው ደረሱልኝ፤ ጋሽ ቀስ በቀስ ከሁሉ ቀድመው። ገና ካልረገፈው ከታችኛው ጥግ ለዘር የሚበቃ አተረፍን፤ ሌላው የወፍና የአፈር ሆነ። ማሽን ጠልቼ አይደለም፤ በጊዜው የመጣ ትራክተር ያበዛውን በጊዜው ያልመጣ ኮምባይነር በተነው እንጂ። ለከርሞ የልጄን ዘር እዘራለሁ። ያኔ እባክዎ መንገዱን ሳይሆን ስንዴውን አይተው ይላኩ፤ ዳግመኛ የሚዘራልኝ ልጅ የለኝም።

ማጭድ ከያዝኩ ወዲህ ቀና ማለት ስላቃተኝ፣ እንደ ጎበጥኩ ጥልቅ አክብሮቴን የማቀርብልዎ፣

ከመንገድ የራቀችው ደንበኛዎ፣ የሟቹ እናት

ማስታወሻ፦ ዝናቡ ሲጥል የረገፈው ስንዴ በቀለና የእርሻ ባለሙያዎ አይቶ «እማማ፣ ከሁሉ ቀድመው ዘሩ፣ ጎበዝ!» ብሎኛል፤ ጎብኚዎችም ሊያመጣልኝ ቃል ገብቷል። እባክዎ ጎብኚዎቹን በኮምባይነሩ አሳፍረው ይላኩልኝ፤ ቤቴን ለማሰናዳት ሰፊ ጊዜ አገኛለሁ።