መቃኛውን መልሻለሁ

ውድ ጋሼ፣

ፈርቻለሁ። እንዴት ሰነበቱ ብዬ መጀመር እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ግን ሰላምታ ላይ ከተንዛዛሁ ዋናውን ነገር ሳልናገር ወረቀቱ እንዳያልቅብኝ ሰጋሁ። የምጽፍልዎ ከሙዚቃ ትምህርት ቤታችን ዕቃ ክፍል፣ ከቫዮሊኖቹ መደርደሪያ ሥር ተቀምጬ ነው። በሩን ከውስጥ ቆልፌዋለሁ። ሰው ቢያንኳኳ የምሰማው አይመስለኝም፤ የምፈራውም ይህንኑ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የዓመቱ መዝጊያ ዝግጅት አለን። እርስዎ የጀመሩት ልማድ እንዳለ ነው፤ የጀማሪዎቹ መምህር መድረክ ላይ ወጥቶ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ቫዮሊኖቹን አንድ በአንድ ይቃኛል። «ሰው ዜማውን ብቻ ሳይሆን ልፋታችንንም ይይልን» ይሉ ነበር። አራት ዓመት እየኮራሁ ሠራሁት። ዘንድሮ ግን መድረኩን ባሰብኩ ቁጥር እዚህ ገብቼ እቆልፋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ልምምድ ላይ የሆነውን ልንገርዎ። የዘንድሮ ጀማሪዎች ዘጠኝ ናቸው፤ ከአሥር ዓመቷ ልጅ እስከ ጡረተኛዋ አዋላጅ። ጣቶቹ ራሳቸው የተጋገሩ የሚመስሉ ዳቦ ጋጋሪም አለን፤ አንዱን ክር ልጫን ሲል ጎረቤቱንም ይጫነዋል። ፒያኖው የሰጠኝን ድምፅ ይዤ ዘጠኙንም ቃኘሁላቸው፣ መጫወት ጀመሩ። ደስ ብሎኝ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ከዚያ ፒያኖው ገባ፣ ወዲያው ደግሞ ቆመ። ዓይኔን ስገልጥ የፒያኖ መምህርቷ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ታየኛለች። ተማሪዎቹ መሬት መሬት ያያሉ።

«ምነው?» አልኩ።

በመጨረሻ ዳቦ ጋጋሪው ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እኔ እኮ የኔ ጆሮ ነው የተበላሸው ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

«እኔም!» አለች አዋላጇ።

«እኔም» አለች ልጅቷ፣ ልታለቅስ ትንሽ ሲቀራት።

ለካ ዘጠኙም ቅኝቱ ልክ እንዳልሆነ ሰምተዋል። መምህሯ ቃኝታው እንዴት ይሳሳታል ብለው፣ ሁሉም በየራሳቸው ጆሮ ላይ ፈርደው፣ የተጣመመውን ዜማ እስከ መጨረሻው ሊጫወቱልኝ ነበር። እኔስ ምን አልኩ? «ፒያኖው ነው!» ብዬ ድርቅ አልኩ። በማግስቱ ፒያኖ ቃኚው ተጠርቶ መጣ። ያን ምስኪን ፒያኖ ሆዱን ከፍቶ ሲመረምረው አረፈደና፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ይሄ ፒያኖ ካንቺም ከኔም ጤነኛ ነው» አለኝ። ሳቅሁ። ሳቄ ለራሴም አስጠላኝ።

ያኔ ነው ሐኪም ዘንድ የሄድኩት። ልጄ ልትሆን የምትችል ሐኪም ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጋ «ድምፅ ሲሰሙ ይቺን ቁልፍ ይጫኑ» አለችኝ። ላፍር እንጂ አልደብቅዎትም፤ አጭበረበርኩ። የጣቷ ጥላ ከፊቴ ባለው መስታወት ላይ ይታየኝ ነበር፤ እሷ መሣሪያዋን ስትነካ እኔም እጫናለሁ። ትንሽ እንደቆየች «እትዬ፣ ጣቴን እያዩ ነው እንዴ?» አለችና ወንበሬን ወደ ግድግዳው አዞረችው። ጋሼ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። መቼ እንደምጫን ጠፍቶኝ፣ ቁልፉን እንደጨበጥኩ፣ ባዶ ግድግዳ ላይ አፍጥጬ ቀረሁ። በኋላ እንደነገረችኝ ግራ ጆሮዬ እየደከመች ነው። አንዱን ድምፅ ሁለቱ ጆሮዎቼ ለየብቻቸው፣ አንዷ ከፍ አንዷ ዝቅ አድርገው ይሰሙታል። «ይድናል?» ብላት ዓይኗን ከኔ ላይ አንስታ ወረቀቷን ታገላብጥ ጀመር።

ቤት ስገባ ሲሰናበቱ የሰጡኝን ባለ ሁለት ጣት የመቃኛ ብረት ከመሳቢያ አወጣሁ። ጭራው ላይ ጭረት ጭረት እንዳለው ያስታውሳሉ? እኔ ወድቆ የተጫረ ይመስለኝ ነበር። ጉልበቴ ላይ መታ አደረግኩና ጆሮዬን ስላላመንኩት ጭራውን በጥርሴ ያዝኩት። ጥርሶቼ ጭረቶቹ ላይ ልክክ ብለው ተቀመጡ። ድምፁ በአጥንቴ ገባ፤ አንድ መሆን ሲገባው እንደዚያም ሆኖ ሁለት ነበር። እርስዎ ብረቱን እስኪጎዱት ድረስ ስንት ቀን፣ የትኛው በር ሥር ተደብቀው ነክሰውት ይሆን? እኔ በዚያን ጊዜ ከጎንዎ ባለው ክፍል ነበርኩ።

አሁን ወደማልፈልገው ነገር ደረስኩ። ያኔ ስለ እርስዎ ለዳይሬክተሩ የነገርኩት እኔ ነኝ። «ጋሼ ጆሯቸው ደክሟል፣ የተማሪዎቹን ቫዮሊን አጣመው እየቃኙ ነው» አልኩት። ለትምህርት ቤቱ ብዬ ነው እያልኩ ራሴን አባበልኩ። ያልኩት ውሸት አልነበረም። ግን መስኮት ያለውን ክፍልዎን እመኝ ነበር፣ ይህም ውሸት አይደለም። መጥቼ ለእርስዎ መንገር እችል ነበር። ቫዮሊን አያያዝ ያስተማሩኝን ሰው ፊት ለፊት መናገር ከብዶኝ በጀርባ ዞርኩ። እርስዎ ደግሞ የፒያኖ መምህርቷን ጠረጠሩ፤ በስንብትዎ ቀን እጇን ዘርግታ እንደቆመች አልፈዋት ሄዱ። አይቻለሁ። አየሁና ዝም አልኩ። የግድግዳ ሰዓት ተሸለሙ፣ ተጨበጨበ፤ እርስዎም ወደኔ መጥተው መቃኛውን መዳፌ ውስጥ አስቀመጡት።

ትናንት የፒያኖ መምህርቷ ክፍሌ መጣች። ሁልጊዜ በግራዬ በኩል ነበር የምትቀመጠው፤ ትናንት ዞራ በቀኜ፣ በደህናዋ ጆሮዬ በኩል ተቀመጠች። ማወቋ ያኔ ገባኝ።

«አትፍሪ፣ ለማንም አልናገርም» አለችኝ።

አመሰግናለሁ ልል አፌን ስከፍት ጨመረችበት።

«ያኔም አልተናገርኩም።»

ከዚያ ወንበሩን ወደ ቦታው መልሳ ወጣች። አራት ዓመት ሙሉ ታውቅ ነበር፣ ጋሼ። የኔን ጥፋት ተሸክማ፣ በየሳምንቱ ለጀማሪዎቼ ፒያኖ ስትመታልኝ ነበር።

ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት አድርሼ ስመለስ በቀጥታ ዳይሬክተሩ ጋ እገባለሁ። ስለ ጆሮዬም፣ ስለ እርስዎም፣ ስለ እሷም እነግረዋለሁ። ምን እንደሚለኝ አላውቅም። ያ የግድግዳ ሰዓት በዓይኔ ላይ ይሄዳል፤ እኔም እንደ እርስዎ አንድ ተሸልሜ እሸኝ ይሆናል። ቅዳሜ ቫዮሊኖቹን አዋላጇ ትቃኛቸዋለች። ጠየቅኳት፤ «አርባ ዓመት የፅንስ ልብ ሳዳምጥ ኖሬ ክር ያቅተኛል እንዴ?» አለችኝ። የፒያኖ መምህርቷም አብራት ትሆናለች። እኔ ከሰው ጋር ወንበር ላይ ነኝ። ይምጡ ለማለት አፍ የለኝም፤ ከመጡ ግን እባክዎ መጀመሪያ እሷን ሰላም ይበሉልኝ።

ፖስታው ውስጥ የሚከብደው መቃኛዎ ነው። ሲሰጡኝ ያሉኝን ያስታውሱ ይሆናል፤ «አንቺ ብቻ ነሽ ያልከዳሽኝ» ነበር ያሉኝ። ጭብጨባ ስለነበር አልሰማችኝም ብለው እንዳያስቡ። ያኔ ጆሮዬ ደህና ነበር፣ ጋሼ። በደንብ ነው የሰማሁዎት።

መስኮት ያለውን ክፍልዎን የወረሰችው፣
ቫዮሊን ያስተማሯት