በቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጠው ስለ ጠፉት ታብሌቶች

ለተከበሩ አቶ ፍሰሐ ኩማ
የኮሌጃችን የማዕከላዊ መረጃ ሥርዓት ዳይሬክተር
ዋናው መሥሪያ ቤት፣ ሜክሲኮ

ግልባጭ፦ በልደታ ቅርንጫፍ የማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ለሚያነብ ሁሉ

የተከበሩ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የቤተሰብዎንና የሰርቨርዎን ጤንነት እጠይቃለሁ። ሰርቨሩን ከቤተሰብ ጋር መቁጠሬ ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ፤ ከሰው ቃል ይልቅ የእሱን ቃል እንደሚያምኑ ካየሁ ወዲህ፣ ሰላምታ ሲነፈገው ቅር እንዳይለው ብዬ ነው። እኔ በልደታ ቅርንጫፍ የኮምፒውተር ቤተ ሙከራ አሠልጣኝ ኡሙልኸይር ሁመድ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። ደህና ያልሆኑት ወይዘሮ ፀዳለ ዳዲ ናቸው፤ የምጽፍልዎትም በእሳቸው ጉዳይ ነው።

ወይዘሮ ፀዳለ የቅርንጫፋችን ንብረት ክፍል ኃላፊ ናቸው። አንድ ፓኮ ጠመኔ እንኳ ያለ ፊርማ የማያወጡ፣ ለተሰበረ ወንበር ስብርባሪውን አምጡ የሚሉ፣ በዚህም የተነሳ መምህራን ሁሉ ስናማርርባቸው የኖርን ሴት ናቸው። እርስዎ ባለፈው ወር በፈረሙት ደብዳቤ፣ እኚህ ሴት ከተረከቡት ሃያ አራት ታብሌት ሃያ ሦስቱን አጉድለዋል ተብለው ከሥራ ታግደዋል፤ ነገሩ ወደ ፖሊስ ሊመራ እንደሚችልም ተነግሯቸዋል። ታብሌቶቹ ግን በሙሉ፣ አንድም ሳይጎድል፣ እኔ ከማስተምርበት ክፍል ጥግ ባለው የብረት ቁም ሳጥን ውስጥ ነበሩ። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ ብሎ የሚጠይቅ ሰው በዋናው መሥሪያ ቤት ስለጠፋ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ በተራ ቁጥር ላስረዳ።

፩ኛ. በመጀመሪያ ስለ አዳፕተሩ ከልብ አመሰግናለሁ።

ደብዳቤዬን በሰሌዳው ፊት ቆመው የሚያነቡ ወላጆችም እንዲከተሉን፣ አሠራሩን ባጭሩ ልናገር። ኮምፒውተሮችን አንድ በአንድ ከማሰናዳት ይልቅ፣ አንዱን አሳምሮ አሰናድቶ የዲስኩን ሙሉ ቅጂ ሰርቨር ላይ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ከዚያ ሌሎቹ ሲበሩ ከራሳቸው ዲስክ ሳይሆን ከኔትወርኩ ይነሱና ያንን ቅጂ ወስደው ልክ እንደ መጀመሪያው ይሆናሉ። ጥሩ ዘዴ ነው፤ የጠረጴዛ ኮምፒውተሮቻችን በሙሉ በዚህ መንገድ ያለ ችግር አልፈዋል። ታብሌት ግን የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ የለውምና በመካከል አዳፕተር ያስፈልገዋል። ለዚህም ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድ አዳፕተር ለናሙና ተገዝቶ ተላከልን፤ የቀሩት የናሙናው ውጤት ታይቶ ይገዛሉ ተባልን። እነሆ ውጤቱ ታይቷል።

ታብሌቱ ያለው ቀዳዳ አንድ ብቻ መሆኑን ደግሞ ገዢዎቹ ልብ ያሉት አይመስለኝም። አዳፕተሩ ሲሰካ የባትሪ መሙያው ይነቀላል፤ ስለዚህ ባትሪው ሳይሞላ የተጀመረ ሁሉ ቅጂው መሃል መንገድ ላይ ሲደርስ ድርግም ይላል። ባትሪው ሞልቶልን የጀመርነው ደግሞ መብራት ይሄድና ገመዱ የተሰካበት የኔትወርክ ማከፋፈያ ስዊች አብሮ ይጠፋል። እንግዲህ በዚህ ሁኔታ ሃያ አራቱንም መጨረሳችን ቢያሸልም እንጂ የሚያሳስር አልመሰለንም ነበር።

፪ኛ. የመጀመሪያው ታብሌት በሰላም አለፈ። ሁለተኛውን ስንሰካ ሰርቨሩ፣ ይህንን አውቀዋለሁ፣ ድርሻውን ወስዷል ብሎ ከለከለን። ሰርቨሩ ቅጂ የወሰደውን ሁሉ ይመዘግባል፣ ቢሮዎም ሥርዓቱ እያለ ንብረት የሚቆጥረው ከዚሁ መዝገብ ነው፤ የሚያየው ግን ታብሌቱን ሳይሆን የአዳፕተሩን መለያ ቁጥር ነው። ሰዎች አንድ ጋቢ እየተቀባበሉ በተራ ለብሰው በአንድ በር ቢገቡ፣ ዘበኛው ፊት ሳያይ ጋቢ ብቻ እየመዘገበ አንድ ሰው ገባ እንደሚል ማለት ነው።

ወደ ቢሮዎ ደወልን። ከባለሙያዎችዎ አንዱ መጀመሪያ ገመዱን ነቅለን እንድንሰካ መከሩን፤ ነቅለን ሰካን። ቀጥለው ገመዱን እንድንቀይር አዘዙን፤ ቀየርን። ከዚያ ምሳ ሰዓት ደረሰ። ከምሳ በኋላ መፍትሔው ተገኘና የቀደመውን መዝገብ ሰርዛችሁ አዲሱን አስገቡ ተባልን። እኔም ይህን ካደረግን መጨረሻ ላይ በሰርቨሩ የሚቀረው አንድ መዝገብ ብቻ ነው ብዬ አስጠነቀቅሁ፤ እሱ በኋላ ይስተካከላል አሉኝ። በጽሑፍ ስጡን ብል፣ ለእንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ደብዳቤ አይጻፍም ተባልኩ። እንደታዘዝነው አንዱን እየሰረዝን ሌላውን እያስገባን ጨረስን። በእኛ ቤት ትእዛዝ በስልክ ይመጣል፣ ተጠያቂነት በደብዳቤ ይመጣል፤ ይህን ሥርዓት ማን እንደዘረጋው ባላውቅም ለዘረጋው ሰው ምስጋናዬ ይድረሰው።

፫ኛ. ንብረት እንዲቆጥሩ የላኳቸው ባለሙያ እጅግ ጨዋ ሰው ናቸው። ቁም ሳጥኑን ልክፈትልዎ ስላቸው፣ የተሰጣቸው ሥራ በሥርዓቱ ላይ ያለውን ማረጋገጥ እንጂ ዕቃ ማየት እንዳልሆነ በትዕግሥት አስረዱኝ። ከዚያ ከቁም ሳጥኑ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ተቀምጠው፣ ስክሪኑን አይተው፣ ልደታ ቅርንጫፍ አንድ ታብሌት ብለው ጻፉ። ወይዘሮ ፀዳለ ታብሌቶቹን ገቢ ያደረጉበትን ሞዴል አሥራ ዘጠኝ አውጥተው ቢያሳዩአቸው፣ ይህ መረከብዎን እንጂ መኖሩን አያሳይም ብለው መለሱላቸው። ያ ወረቀት የጠቀመው ለመክሰሻ ብቻ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል ነበር፤ ዘንድሮ ስክሪን ተጨምሮላቸዋል።

፬ኛ. ወይዘሮ ፀዳለ በታገዱ ማግስት ኮሚቴ መጥቶ ቁም ሳጥኑን በወረቀትና በማኅተም አሸገው። አልከፈቱትም፤ አሸጉት ብቻ። እሽግ የሚነሳው ኮሚቴው በተሰበሰበበት ነው ስለተባለ፣ ኮሚቴው ይሰብሰብልን ብዬ በተደጋጋሚ ጻፍኩ። በመጨረሻ ከቢሮዎ የደረሰኝ መልስ፣ በሥርዓቱ መሠረት በቁም ሳጥኑ ውስጥ ንብረት ስለሌለ ኮሚቴ የሚሰበሰብበት ምክንያት የለም የሚል ነበር። ይህን መልስ ለባልደረቦቼ ሳነብላቸው የሳቁት ሳቅ ጆሮዬ ላይ አለ፤ እኔ ግን አልሳቅኩም። ባዶ ከሆነ ለምን ታሸገ? ካልሆነስ ሴትየዋ ለምን ታገዱ? ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ለአንድ ዳይሬክተር ከባድ ሆኖ አይታየኝም።

ቀጥሎ ያለውን በተራ ቁጥር አልጽፈውም፤ ቁጥር ስለማይገባው።

ወይዘሮ ፀዳለ የሚኖሩት ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። እዚያ የአንዱ ፎቅ ወሬ ሌላው ፎቅ ለመድረስ ደረጃ መውጣት አያስፈልገውም። በብሎካቸው እድር የድንኳኑ፣ የወንበሩና የሰሃኑ ኃላፊ እሳቸው ነበሩ፤ ማን ሞተ ሲባል መጀመሪያ የሚንኳኳው የእሳቸው በር ነው። ባለፈው እሁድ ሁለት የእድሩ ሴቶች መጥተው፣ በብዙ ትህትና፣ ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ለጊዜው የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ለሌላ ሰው ቢያስረክቡ እንደሚሻል ነገሯቸው። ወይዘሮ ፀዳለም ሴቶቹን ይዘው ወርደው እስከ መጨረሻዋ ጭልፋ ቆጥረው አስረከቡና ቤታቸው ገብተው በራቸውን ዘጉ። ይህን የነገረችኝ ከመጡት ሴቶች አንዷ ናት፤ ስትነግረኝ ታለቅስ ነበር። ከታገዱ ወዲህ ለጸሎት እንኳ ሰው ሳይበዛ ማልደው ነው ልደታ ማርያም ደርሰው የሚመለሱት።

አቶ ፍሰሐ፣ እዚህ ላይ ትህትናዬ ትንሽ ተንጠፍጥፏልና ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ በጣም ተናድጃለሁ። የሰው ስም እንደ ሰርቨር መዝገብ አንዱን ሰርዘው ሌላውን የሚያስገቡት ነገር አይደለም።

ቢሮዎ ያሳየውን ርኅራኄ ግን ሳልጠቅስ ባልፍ ውለታ በላ እባላለሁ። ወይዘሮ ፀዳለ፣ ታብሌቶቹ በእኔ ቸልተኝነት ጠፍተዋል ብለው ቢፈርሙ፣ ነገሩ በማስጠንቀቂያ እንደሚያልቅላቸው በሰው በኩል ተነግሯቸዋል። ስልክ ያነሳው ባለሙያ አይነካ፣ አንድ አዳፕተር የገዛው አይጠየቅ፣ ሥርዓቱ አይታረም፤ ሴትየዋ ብቻ ትፈርም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው። አያ ጅቦ ሳታመሃኝ ብላኝ ያለችው እንስሳም ቢያንስ ፈርሚ አልተባለችም። ወይዘሮ ፀዳለ የሰጡት መልስ አጭር ነበር፤ ያልጠፋ ነገር ጠፋ ብዬ አልፈርምም አሉ። እኔ በዚህ ኮሌጅ ብዙ ስብሰባ ተቀምጫለሁ፤ እንደዚህ ያለ ንግግር ግን በአንዱም አልሰማሁም።

ስለዚህ፣ የተከበሩ ሆይ፣ ዛሬ ጠዋት የማኅተሙን ወረቀት ቀድጄዋለሁ።

የቀደድኩት እኔ ነኝ። የቁም ሳጥኑ አንዱ ቁልፍ ለማስተማር ሥራዬ በእጄ ነበርና ሰባሪ ፍለጋ አይድከሙ። የጥበቃ ሠራተኛው አቶ ጃርሶ ቆመው እንዲያዩ ጠይቄያቸው አይተዋል እንጂ አልነኩም፤ ሠልጣኞቹም የተሸከሙት እኔ ያሸከምኳቸውን ነው። ኮሚቴ ሳይሰበሰብ፣ ቃለ ጉባኤ ሳይያዝ፣ በራሴ ሥልጣን፣ ሥልጣን ሳይኖረኝ አድርጌዋለሁ። ነገ የእግድ ደብዳቤ ሲጽፉልኝ ይህን አንቀጽ እንዳለ መገልበጥ ይችላሉ፤ ጊዜ ይቆጥብልዎታል።

ታብሌቶቹ አሁን በግቢያችን አግዳሚ ወንበሮች ላይ ተደርድረዋል፤ ሃያ አራቱም በርተዋል። ከጠዋት ጀምሮ ወላጅ፣ ሠልጣኝ፣ ከኮንዶሚኒየሙ የመጣ ጎረቤት ሁሉ እየዞረ ይቆጥራል። የእድሩ ሴቶችም መጥተው፣ አንደኛዋ ጮክ ብላ፣ ሌላኛዋ በልቧ ቆጥረው ሄደዋል። እስካሁን የቆጠረ ሁሉ የደረሰው አንድ ቁጥር ላይ ነው። እርስዎም ከሜክሲኮ እስከ ልደታ በባቡር ሁለት ፌርማታ፣ በእግርም የማያደክም መንገድ ነውና ይምጡ። ሰርቨሩን ይዘው መምጣት አይጠበቅብዎትም፤ ጣትዎ ይበቃል።

ወይዘሮ ፀዳለንም መጥተው እንዲያዩ ሰው ልኬባቸው ነበር። አልመጣም ብለዋል። ታብሌቶቹ እዚያ መኖራቸውን መቼም ተጠራጥሬ አላውቅም፤ የሚያየው የተጠራጠረው ነው ብለው ነው የመለሱልኝ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የእግዳቸው ደብዳቤ የተለጠፈው ይህ ደብዳቤ አሁን በተለጠፈበት ሰሌዳ ላይ፣ ሰው ሁሉ ባየው ቦታ ነው። መመለሻቸውም በዚያው ቦታ፣ በእርስዎ ፊርማ፣ ተሳስቻለሁ ከሚል ቃል ጋር ይለጠፍ። በአሠራር ክፍተት ምክንያት፣ በመረጃ አለመጣጣም ምክንያት የሚሉ ቃላት ቢሮዎ በብዛት እንዳሉት አውቃለሁ፤ ለሌላ ጊዜ ይቀመጡ። ይህ እስኪሆን ድረስ ታብሌቶቹ ከወንበሩ አይነሱም፣ እኔም ከአጠገባቸው አልነሳም፤ ዝናብ ከመጣ ሸራ አለን።

ለሥርዓቱ መልካም ጤንነት፣ ለእርስዎ ደግሞ መልካም ዓይን እየተመኘሁ፣ ከበዛ አክብሮት፣ ካልበዛ ፍርሃትና ምንም ዓይነት ጸጸት ከሌለው ልብ ጋር፣

በሙሉ ስሜና በገዛ ፊርማዬ
ኡሙልኸይር ሁመድ
የኮምፒውተር ቤተ ሙከራ አሠልጣኝ (እስከ ነገ ጠዋት ድረስ)
ልደታ፣ የካቲት 2009 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ልዘጋው ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አዳፕተሩ ያለው እኛ ዘንድ ስለሆነ፣ የእኛን ጨርሰን ስናበቃ የእርስዎን የግል መገልገያ ታብሌት በሾፌርዎ በኩል ልከውልን ነበር፤ በዚያው አዳፕተር፣ በዚያው የስልክ ትእዛዝ፣ የቀደመውን ሰርዘን የእርስዎን በልደታ ቅርንጫፍ ስም አስገባን። ስለዚህ በሥርዓቱ ላይ የቀረው አንድ መዝገብ የእኛ ሳይሆን የእርስዎ ነው፤ ገብተው ሊያዩት ይችላሉ። ሥርዓቱ አይሳሳትም በሚለው እምነትዎ ከጸኑ፣ ልደታ ቅርንጫፍ ያለው ብቸኛ ታብሌት ያለ ምንም ፊርማ የወጣ ሲሆን የሚገኘውም በእርስዎ ቦርሳ ውስጥ ነው። እኔ ግን ማንንም ሌባ ከማለቴ በፊት ቦርሳ ከፍቼ አያለሁ።