ፊልትሮ በመሃሉ አይጠጣም

ተካ ነው፣ ወልዴ። የሐጂ ሸምሱን ፒካፕ ቱርቦ የገደለው የገዛ ወንድምህ ተካ ነው እንጂ አንተ አይደለህም። ከሰላምታው በፊት ይህን ያስቀደምኩት ከተማው ሁሉ ሌላ ሲያወራ ስለሰነበተ፣ ምናልባት ወሬው እዚያም ደርሶህ ከሆነ ብዬ ነው።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበል። ቡኢ አፈር ካለበስንህ ወዲህ ሁለተኛው መስቀል መጥቶ አለፈ። በስምህ ስጠራህ አይግረምህ። በሕይወት ሳለህ "የአስቴር አባት" እንጂ ወልዴ ብዬህ አላውቅም። ዘንድሮ ግን ስምህ ብዙ አፍ ውስጥ ገብቶ ስለቆሸሸ፣ እኔም በአፌም በእጄም ልጠራው ወሰንኩ። አዎ፣ በእጄ። ቀበሌው አዳራሽ የጎልማሶች ትምህርት ሲከፈት እኔም አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ፊደል ቆጠርኩ። ሁለቱ "ጸ" ዛሬም ያደናግሩኛል። ብሳሳት አትሳቅብኝ፤ አንተም ብትሆን ከአራተኛ ክፍል አላለፍክም።

ቤቱ ደህና ነው። አስቴር ወልቂጤ እያስተማረች ነው፤ ወንድ ልጅ ወልዳለች፣ ግንባሩ ያንተው ነው። ቡታጅራን ባጃጅ ወሯታል፤ መንገድ ለመሻገር ቆሜ እዘገያለሁ። ከጋራዣችን ፊት ለፊት በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች መኪና ማጠቢያ ከፍተው ጭቃው በእኛ ደጅ ይወርዳል፤ ብነግራቸው "እሺ እማማ" ይሉኛል፣ ጭቃው ግን መውረዱን አልተወም። የተከልከው አቮካዶ አፈራ። ፍሬው ውሃ ውሃ ይላል። ከአንሶላው ላይ የዘይት ሽታ ጠፍቷል። ያን ሽታ ለማስለቀቅ ስንት ዓመት ሳሙና ፈጀሁ፣ ከአንተ ጋር ስንት ጊዜ ተጨቃጨቅን! አሁን ሳልነካው ለቀቀ።

ደጋግሞ ትዝ የሚለኝ ፊልትሮ የምታጠጣበት ሰዓት ነው። ምሳህን ይዤ ስመጣ ያንተ እጅ ጥቁር፣ የእኔ እጅ የታጠበ ስለሆነ፣ አዲሱን የዘይት ማጣሪያ፣ ፊልትሮውን፣ በመዳፌ ላይ ቀጥ አድርገህ ታቆመው ነበር። ክዳን ካለው ጆግ ንጹሑን ዘይት በዳር በዳር ባሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች እንደ ክር አቅጥነህ ታፈሳለህ። ውስጡ ያለው ወረቀት ይጠጣል፣ አረፋ ይተፋል፣ ዘይቱ ይጎድላል። ደግሞ ትጨምራለህ። ክንዴ ዝሎ አይበቃውም ወይ ስልህ፣ ለሞተሩ አየር የሚገፋው ቱርቦ የሚሽከረከረው በስስ ዘይት ላይ ተንሳፍፎ መሆኑን ትነግረኛለህ። ሞተሩ ተነስቶ ዘይቱ ባዶውን ፊልትሮ እስኪሞላ ድረስ ያቺ ቀጭን ዘንግ በደረቁ ከዞረች፣ ከመጮኋ በፊት ተጎድታለች ትል ነበር። ስለዚህ ፊልትሮውን ካሰርክ በኋላም ወዲያው አታስነሳም። ሞተሩ እንዳይነሳ የናፍጣውን ሽቦ ነቅለህ፣ የዘይቱ መብራት እስኪጠፋ ማስነሻውን ሞተሪኖ ብቻ ታዞረዋለህ። ከዚያ ሽቦውን መልሰህ ታስነሳለህ፣ ነዳጅ ሳትረግጥ በቀስታ ታቆየዋለህ።

መሃል ላይ ስላለው ትልቅ ቀዳዳም ጠይቄህ ነበር፤ በዚያ ቢፈስ ቶሎ ይሞላ የለ? ያ የተጣራው ዘይት ወደ ሞተር የሚወጣበት በር ነው፣ በመውጫው ካስገባሽው ቆሻሻው ሳይጣራ ሞተር ውስጥ ይገባል አልከኝ። ፊልትሮ በመሃሉ አይጠጣም፣ አልክ። እኔ ፊደል ሳልቆጥር ይህን አውቅ ነበር።

ለመስቀል ከአዲስ አበባ የሚገባው ሰው በር ላይ ተሰልፎ ክላክስ ሲያስጮህብህ ትዝ ይለኛል። "ሞግዚቱ! ያ ሕፃን ጡጦውን አልጨረሰም እንዴ?" ይሉሃል። ፊልትሮ አጥቢው ወልዴ የሚለው ስም ከዚያ ወጣልህ። ከሁሉ አብልጦ የሚያስጮኸው ሐጂ ሸምሱ ነበር፤ በርበሬው ገበያ እንዳያመልጠው ይቸኩላል። አንተ ትስቃለህ። በዚህ ግን እወቅስሃለሁ፣ ወልዴ። ለምን እንደምታጠጣው፣ በየት በኩል እንደምታጠጣው ለምን አልነገርካቸውም? ለእኔ ብቻ ነገርከኝ። ከተማው የያዘው ሳቁን ብቻ ነው። ውሸት በኋላ ሲመጣ በዚያ ሳቅ በኩል ገባ።

አንተ ከሄድክ በኋላ የወንድምን ቤት ወንድም ይጠብቅ ተባለና ጋራዡን ለተካ ሰጠሁት። መጀመሪያ ላይ ከፋ አልልም። ዘንድሮ መስቀል ሲቃረብ መኪናው በዛ፣ ተካም ቸኮለ። እኔ ግቢ ውስጥ በርበሬ ስቀነጥስ ሐጂ ሸምሱ ያን ባለ ቱርቦ ፒካፑን ለዘይት አመጣ። ተካ ጆጉን አነሳ። ክዳኑ ከጠፋ ቆይቷል፤ ጆጉ የሚቀመጠው ብረት በሚሞረድበት ጠረጴዛ ሥር ነው። ፊልትሮውን ጉልበቱ መሃል ወትፎ በመሃሉ ቀዳዳ ገለበጠበት። ከተቀመጥኩበት ተነስቼ በዳር ነው፣ ጆጉንም እጠበው አልኩት። "እትዬ፣ አንቺ በርበሬሽን ቀንጥሺ" አለኝ። ሰው ሳቀ። ፊልትሮውን አስሮ፣ ሞተሪኖውን እንኳ ለብቻው ሳያዞር አስነስቶ ሰደደው።

ፒካፑ በአዲስ አበባ መንገድ ቡኢን፣ መቃብርህን አልፎ ሄደ። ጥያ ሳይደርስ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ አወጣ፣ ሰማያዊ ጭስ ለቀቀ፣ ቆመ። አዲስ አበባ ተጎትቶ ሲፈታ የቱርቦው ዘንግ ተቧጭሮ ነበር።

ሐጂ ሸምሱ በቁጣ ተመለሰ። ተካ ምን ቢል ጥሩ ነው? "እኔ ምን ላድርግ፣ ፊልትሮውን ዘይት ሙላ ብሎ ያስተማረኝ ወንድሜ ነው፤ ዕድሜ ልኩን እንዲህ ሲሠራ ሁላችሁም አይታችሁታል" አለ። እውነት ነው፣ ሁሉም አይቷል። ስታጠጣ አይተዋል፣ በየት በኩል እንደሆነ ግን አንድም ሰው ልብ አላለም። በማግስቱ ከተማው "ለካ ያ ሞግዚት ነው መኪና ሲገድል የኖረው" ይል ጀመር። ሻይ ቤቱ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሳይቀር። አንዳቸውም ሞግዚቱ በነበረ ጊዜ መኪናቸው ስንት ዘመን እንደሄደላቸው አላሰቡም።

መስቀል ቂም ተይዞ እንደማይበላ ታውቃለህ። ስለዚህ ሽማግሌዎች በእኛ ግቢ አቮካዶው ሥር ተቀመጡ። በመሃላቸው አንተ እንደ አባት የምታያቸው ጋሽ ንዳ ነበሩ፣ የእርቁን እርጥብ ሣር ይዘው። ተካ በአንድ ወገን፣ ሐጂ ሸምሱ በሌላው። ሐጂ ሸምሱ የሞተውን ቱርቦና ያን ፊልትሮ በበርበሬ ጆንያ አምጥቶ መሬት ላይ ዘረገፈው። ተመካክረውበት ነበር የመጡት። "የአስቴር እናት" አሉኝ ጋሽ ንዳ፣ "ሙት አይከሰስም፣ አያፍርም። ተካን ግን ከእንግዲህ በመኪናው ማን ያምነዋል? ሐጂም ለሕያው ይቅር ማለት ይከብዳቸዋል፣ ለሟች ግን ዛሬውኑ ይላሉ። ሸክሙን ለማይደክመው እናሸክመው። አንቺ አዎ፣ የሱ አሠራር ነበር ብለሽ ራስሽን ነቅንቂልን፤ ይበቃል።"

በክፋት አይደለም፣ ወልዴ። በፍቅር ነበር የጠየቁኝ፤ ክፋት ቢሆንማ ይቀለኝ ነበር። ሁሉም ራሴን ያያል። አገጬ ዝቅ እንዲል ነው የሚጠብቁት። ተካ አንድ ጊዜም ቀና ብሎ አላየኝ።

ቀና ብዬ ተነሳሁ። ፊልትሮውን ከመሬት አንስቼ ጣቴን በመሃሉ ቀዳዳ አስገባሁና አዙሬ አወጣሁት። የብረት ብናኝ ጣቴ ላይ እንደ አሸዋ አበራ። ከሽማግሌ ሽማግሌ እየዞርኩ አሳየኋቸው። ይህ የወጣው ንጹሕ መሆን ካለበት ወገን ነው፤ ባሌ በዳር ነበር የሚያፈሰው፣ በዳር ቢፈስ ኖሮ ይህ ከወረቀቱ ወዲያ በቀረ ነበር አልኳቸው። ድሮ ፊርማዬ ጣቴ ነበር። ያን ቀንም በጣቴ ፈረምኩ ማለት ነው፣ ግን እነሱ በፈለጉት ላይ አይደለም።

ጋሽ ንዳ ጣቴን ብዙ አዩት። እንዳመኑኝ ፊታቸው ነገረኝ። ከዚያ ምን እንዳሉ ልንገርህ? "እውነቱን አየን፣ ልጄ። አሁንም ግን ለሰላም ስትይ ነቅንቂልን።"

ሳያውቁ ቢፈርዱብህ ኖሮ ይቅር እላቸው ነበር። አውቀው ነው የለመኑኝ። እሱ አይደክመውም ያላችሁት እሱ ስለማይሸከመው ነው፣ የምሸከመው እኔ ነኝ አልኳቸው። ለተካም ምርጫ ሰጠሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው በል፣ አንድ ቃል ነው፣ ጋራዡ ያንተ ይሁን አልኩት። ሣር መንጨት ያዘ። እጄን ዘረጋሁ፤ የጋራዡን ቁልፍ አስቀምጦልኝ ወጣ። ሐጂ ሸምሱ ጆንያውን እዚያው ትቶ ሄደ። ሣሩ በጋሽ ንዳ እጅ ጠወለገ። ማንም ሳይመርቅ ተበተኑ።

መስቀሉን እንዴት እንዳሳለፍኩት ልደብቅህ አልችልም። ከቅርጫው አወጡኝ፤ ድርሻዬን ለሌላ ሰጡት። ደጄን የረገጠ ከአስቴር በቀር የለም። ከወልቂጤ ልጇን ታቅፋ መጥታ ከገበያ በገዛችው ሥጋ ክትፎ ሠራን። ቂመኛዋ እያሉኝ ነው። ይበሉ። አስቴርም "እማዬ፣ ምናለ ብትነቀንቂላቸው?" አለችኝ፤ እሷንም ተቆጣኋት፣ ኋላ ግን ልጇን አቅፌ ስለ ፊልትሮው ነገርኳት። እስከ ዛሬ ለእሷም አልነገርካትም ነበርና።

ዛሬ ደግሞ የጋራዡ በር ተንኳኳ። ሐጂ ሸምሱ ነው፣ በዚያው ፒካፕ። አዲሱ ቱርቦ ከገባ በኋላ ዘይቱ ቶሎ ይቀየር ብለውታል። ሌላ ጋራዥ ሞልቶ ሳለ ወደ እኔ መጣ። ይቅርታ አልጠየቀም፣ እኔም አልጠበቅኩም። "በዳር በኩል ነው ያልሽው?" ብቻ አለኝ። ሾፌሩ ሥሩ ገብቶ አሮጌውን ዘይት አወረደ። እኔ ጆጉን በናፍጣ አጥቤ፣ በንጹሕ ጨርቅ አድርቄ፣ አዲሱን ፊልትሮ በግራ መዳፌ ላይ አቆምኩና በቀኜ አፈሰስኩ። ይህ ሥራ ሁልጊዜ የሁለት ሰው እጅ ነበረው፤ ያንተ ከላይ፣ የእኔ ከታች። ወረቀቱ እስኪጠጣ ቆምኩ። አረፋውን ተፋ፣ ጨመርኩ፣ እንደገና ቆምኩ። ሐጂ ሸምሱ መሪው ላይ እጁን አሳርፎ ተቀምጧል፤ ክላክሱን አልነካም። ከዚያ ፊልትሮውን አሳስሬ፣ ሽቦውን አስነቅዬ፣ መብራቱ እስኪጠፋ ሞተሪኖውን አስመታሁት። ሽቦው ተመልሶ ሲነሳ ድምፁ ጸጥ ያለ ነበር። ማጠቢያው ጋ ያሉት ልጆች ውሃቸውን ዘግተው ያዩን ነበር። አንዱ "ሞግዚቷ!" ብሎ ጮኸ። አንተ ትስቅ ነበር። እኔ ግን ጠርቼ ለምን እንደሚጠጣ፣ በየት በኩል እንደሚጠጣ ነገርኩት። የሰማ ሁሉ ይስማ።

እንግዲህ ወልዴ፣ አንተን የማስታውስህ ተዝካርህን በማውጣት ብቻ አይደለም። ፊልትሮ በያዝኩ ቁጥር ከላይ የጎደለውን እጅ አስታውሳለሁ፤ ማን እንዳስተማረኝም ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም በስምህ እናገራለሁ። ጋሽ ንዳ ለሚመጣው መስቀል ሣራቸውን ይዘው እንደገና እንደሚመጡ ሰምቻለሁ። ይምጡ፣ ወንበር አወጣላቸዋለሁ። ለማንም ሰላም ብዬ ግን ከእንግዲህ በአንተ ላይ ራሴን አልነቀንቅም።

ሚስትህ ብዙነሽ