እሮብ የተቋጠረ እንቁላል

ይድረስ ኩርሙክ ላለኸው ለባለቤቴ ለሙላው፤ ሙቀቱ እንዴት ይዞሃል? እኔና ልጃችን ሕብረት፣ አንተ ከመጉደልህ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ትናንት ወደ ስፌት ቤቱ ለመሄድ ስጣደፍ ለሕብረት ምሳ እንቁላል ቋጠርኩላት። ምሳ ዕቃዋን እንዳለ መለሰችው። «እማዬ፣ ዛሬ እሮብ እኮ ነው፤ ጾም አይደል?» አለችኝ። አፈርኩ። ደግነቱ ጓደኛዋ ሀዲል ፉሏን አካፍላታለች።

ድሮ እንዲህ አልሳሳትም ነበር። ማክሰኞ ማታ ትደውላለህ፤ በነጋታው የጾም እቋጥራለሁ። ኔትወርኩ እምቢ ብሎህ ነው፣ አውቃለሁ። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ሹፌሩ ሐምዳን ግን ከዚያው ከኩርሙክ በየማታው ለሚስቱ ይደውልላታል።

ሕብረት ጉልበትህን ትስማለች። እኔም ባለህበት ሰላም ዋል፣ ሰላም እደር እልሃለሁ። ስለ ምሳው አታስብ፤ የቀን መቁጠሪያ ገዝቼ ጓዳ ሰቅያለሁ።

አሰለፈች፣ ከአሶሳ