ለፈድሉ የነገርከው፣ ለሐዲስ ያልነገርከው

ውድ የእህቴ ልጅ ሮቢ፣

ስልክ ስለማታነሳ በወረቀት መጣሁብህ። «አማርኛ ማንበብ አልችልም» የምትለውን ሰበብ ለሌላ ሰው አቆየው። ፊደል ያስቆጠርኩህ እኔ ነኝ፤ ያውም በቤዝቦል ወርዋሪዎች፣ በፒቸሮች ስም።

ያን ሰሞን ታስታውሰዋለህ። በኮሮና ካዚኖው ሁሉ ተዘግቶ፣ አንተ የእንግዳ መኪና ፓርክ ከምታደርግበት፣ እኔ ታክሲዬን ከማቆምበት ተባረን፣ እናትህ ሳሎን ውስጥ ሁለት ሥራ ፈት ተቀምጠን ነበር። ቤዝቦል እንኳ ቆሟል። እኛ ግን በቴሌግራም ለሰፈሩ ሰው የነገውን ጨዋታ ግምገማ እንልካለን። የሌለ ጨዋታ! ቁጥሩን አንተ ትፈጥራለህ፣ ሰውየውን እኔ እፈጥራለሁ። «ነገ የሚከፍተው ግራኙ ሆዜ ቅንጬ ነው፤ ጠዋት ቅንጬውን ከበላ በዘጠኝ ዙር፣ በዘጠኝ ኢኒንግ ከሁለት ነጥብ በላይ አይሰጥም፣ ካልበላ ግን አደራ» ብዬ የላክሁ ቀን እትዬ ሸዋዬ ደውለው በየትኛው ቻናል እንደሚተላለፍ ጠየቁን። ስልኩን ላንተ ወርውሬ ምንጣፉ ላይ ተንከባለልኩ። አንተ ድምፅህን አጎርንነህ «እትዬ፣ ቻናሉም ኳራንቲን ገብቷል» አልካቸው። ያን ቀን ይህ ልጅ የእኔ ነው ብዬ ነበር።

ዘንድሮ የሺፍት ሠራተኞች ሊግ ሲጀመር ደግሞ እውነተኛ ጨዋታ አገኘን። ቅዳሜና እሑድ ቲፕ የሚለቀምበት ቀን ስለሆነ የሚጫወቱት በአዘቦት ጠዋት፣ ከሌሊት ሺፍት እንደወጡ ነው። እኛም የምሥራቁን ቡድን፣ «ጎህ»ን ይዘን ግምገማችንን ቀጠልን። ፒቸሮች ለምን በተራ እንደሚወረውሩ ያልገባቸውን እናቶች «እንደ ጽዋ ማኅበር ነው፣ ዛሬ የደገሰ ሰው ነገ አይደግስም፣ ተራው እስኪደርስ ያርፋል» ብዬ ሳስረዳቸው፣ አንተ ከጎኔ ማን በየስንት ቀኑ እንደደገሰ ትነግራቸዋለህ። ሰው ሳቁን ለእኔ፣ እምነቱን ለአንተ ይሰጥ ነበር።

አሁን ወደ ጎህ ፒቸር፣ ወደ ሐዲስ ልምጣ።

ፍልሰታ በገባ ሳምንት ሐዲስ ቦልደር ሲቲ ሜዳ ላይ ሲወረውር አብረን አየነው። ሦስት ኢኒንግ ማንም አልነካውም። በአራተኛው እጁ ከዳው፣ ኳሱ መሬት እየመታ መቺው ሳይመታ በነጻ ወደ ቤዝ ይሄድበት ጀመር። «ጋሼ፣ ከሦስተኛው በኋላ ሌላ ሰው ነው» አልከኝ። ዓይንህ ስለታም ነው፤ አልክድህም።

ስንመለስ እሱ ከፊት፣ አንተ ከኋላ፣ እኔ መሪው ላይ ነበርን። ውሃ ሰጠሁት፤ እምቢ አለ። «አንተ ሰውዬ፣ ይህ በረሃ ቀልድ አያውቅም፤ ጠጣ እንጂ!» ስለው ነው የነገረን። እናቱ አስካል ባለፈው ክረምት በኮሮና ማሽን ላይ እያለች፣ በሕይወት ከወጣችልኝ ፍልሰታን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳልቀምስ እጾማለሁ ብሎ ተስሏል። አስካል ወጣች። እሱም ስለቱን እየከፈለ ነው።

«ንስሐ አባትህን ጠይቅ፤ ኳስ ለሚወረውር ሰው ያቀልሉለት ይሆናል» አልኩት ለማሳቅ።

«ለእናቴ ማሽኑ አልቀለላትም፣ ጋሽ ኪዳኔ» አለኝ። «አሠልጣኙ ከሰማ ያስቀምጠኛል። አደራዎን፣ ግምገማችሁ ላይ አታስገቡብኝ።»

እኔ በሚካኤል ማልኩለት። አንተ ከኋላ ትከሻውን ይዘህ «ብሮ፣ ኖ ዎሪስ። እዚሁ መኪና ውስጥ ይቀራል» አልከው። የያዝከው የሚወረውርበትን ትከሻ ነበር።

ሐሙስ ዕለት የላክነውን ግምገማ መላልሼ ሰማሁት። የእኔ ድምፅ ነው፤ «ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ጎህ ሐዲስን ያሰልፋል። በዘጠኝ ኢኒንግ በአማካይ ሁለት ነጥብ ተኩል ይሰጣል፣ ዘጠኝ መቺ ኳሱን ሳያገኝ በስትራይክ አውት ያሰናብታል። ተጋጣሚው ራንቸርስ ማርቪንን ያመጣል፤ እሱ አራት ይሰጣል፣ ነገር ግን ቡድኑ በየጨዋታው ስድስት ያገባለታል። ደግነቱ የራንቸርስ መቺዎች የሊጉ ችኩሎች ናቸው። የመጀመሪያዋን ኳስ ካልሞከሩ እጃቸውን ያሳክካቸዋል። ለሐዲስ የተመቸ ምግብ ናቸው።» አንተም ከኋላ «ዩ ኖው ኢት!» ትላለህ። ይህን ስትል ለራንቸርሱ ፈድሉ ነግረህ ጨርሰህ ነበር።

ዓርብ ጠዋት እነዚያ ችኩሎች ባሕታዊ ሆነው መጡ። አይመቱም። ዱላውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ኳሱን ያሳልፋሉ። አንዱ የጫማውን ክር ይፈታና ያስራል፤ ሌላው ጓንቱን ያወልቅና ያጠልቃል። ሐዲስ ፀሐይ ላይ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። አጠገቤ ተቀምጠህ ነበር። «ምን ነካቸው?» ብዬ ጠየቅሁህ። «አይ ዶንት ኖው፣ ጋሼ» አልከኝ፤ ስልክህን እያየህ።

በአራተኛው ሦስት ሰው በነጻ ላከ። ከዚያ ኮፍያው ወደቀ። ሊያነሳው ያጎነበሰ መስሎኝ ነበር፤ በግንባሩ ተደፋ።

የአምቡላንሱ ልጆች ጉሉኮስ ሲሰኩለት ዓይኑን ገልጦ አጉተመተመ። ስለ ጨዋታው የጠየቀ መስሎህ «አንድ ለዜሮ እየመራን ነው» አልከው። እሱ ግን «ጾሜን ፈቱብኝ» ብሎ ነው ያለቀሰው። ሃያ ስድስት ዓመት የሞላው፣ በአንድ እጁ ሁለት የእንግዳ ሻንጣ የሚያነሳ ሰው።

እሑድ፣ የፍልሰታ በዓል ዕለት፣ ልጠይቀው ሄድኩ። በሩን እሱ ከፈተ፤ ይግቡ ግን አላለኝም።

«ጋሽ ኪዳኔ፣ ቀልድዎን እወደው ነበር» አለኝ። «በስለቴ ግን ይቀልዳሉ ብዬ አልጠበቅሁም።»

«የምን ቀልድ?»

«ለራንቸርስ ነግረውብኛል። ሦስት ሰው ነበርን፤ እኔ አልተናገርኩም። ሮቢ ሆስፒታል መጥቶ እያዘነ ነገረኝ።»

«ሮቢ ምን አለህ?»

«‹ጋሼን ታውቀው የለ፣ ምላሱ አያርፍም› አለኝ።»

በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ቢያላጋው ይሻለኝ ነበር። ከሱዳን እዚህ እስክደርስ ወታደር፣ ደላላና የኢሚግሬሽን ሹም በቀልድ ያሳለፍኩ ሰው፣ ቀልዴን ይዤ ያን ደረጃ ወረድኩ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼም ላንተ ምክንያት እፈልግልህ ነበር። ልጁ ተደናግጦ ነው፣ ራንቸርስም በራሳቸው ዓይን አይተው ይሆናል አልኩ። ምናልባትም እኔው አምልጦኝ የሆነ ቦታ ተናግሬ እንደሆነ ራሴን ጠረጠርኩ። ሮቢ፣ አንተን ላለመጠርጠር ራሴን ጠረጠርኩ።

በማግስቱ ፈድሉ ራሱ ቤቴ መጣ። የአንተ ሱፐርቫይዘር፣ የራንቸርስ አምበል። የቀረበለትን ሻይ አልነካም።

«ጋሽ ኪዳኔ፣ እኔ ረመዳንን በዚህ ሙቀት የሰው መኪና እያመላለስኩ የምጾም ሰው ነኝ» አለ። «ሮቢ ሐሙስ ሥራ ቦታ ጠጋ ብሎ ‹ከሦስተኛው በኋላ ይደክማል፣ አትምቱ፣ ፀሐይ ላይ አቁሙት› አለኝ። ለምን እንደሚደክም አልነገረኝም። ጾም መሆኑን የሰማሁት ሰውየው ከወደቀ በኋላ ነው። ባውቅ ኖሮ ልጆቼን ‹ኳሱን ምቱና ቶሎ እንሂድ› ነበር የምላቸው፤ ወላሂ።»

«ለምን የነገረህ ይመስልሃል?»

«የቀን ሺፍቱን ፈልጎ ይመስለኛል። ሞኝ ነው። ሺፍቱ በአገልግሎት ዘመን፣ በሲንየሪቲ የእሱ ነበር። ዝም ቢልም ያገኘው ነበር።»

ሄዶ ለሐዲስ ሊነግረው ተነሳ። እጁን ይዤ አስቀመጥኩት። ፈድሉ ከነገረው ሐዲስ እውነቱን ያገኛል፣ አንተን ግን ለዘላለም ያጣል። ካንተ አፍ መስማት አለበት ብዬ ተማጸንኩት። ተስማማ፤ ግን ወድዶ አይደለም።

አንድ ጊዜ ስልኬን ያነሳህ ዕለት ምን እንዳልከኝ ታውቃለህ? «ጋሼ፣ ዳታ እኮ ነው። ሁሉም ሰው ሊያየው ይችላል።» እውነት ነው፣ ከሦስተኛው በኋላ መድከሙን ሁሉም ሊያይ ይችላል። ፀሐይ ላይ ማቆም እንደሚጥለው ግን የምታውቀው እሱ አምኖ ስለነገረህ ነው። ያ ዳታ አይደለም፣ አደራ ነው። ደግሞ ሺፍት የፈለገ ሰው ይሳሳታል፤ ዓመት ሙሉ ሥራ የፈታ ሰው ይቸኩላል፤ ይህን እረዳለሁ። ልቤን የቆረጠው የሆስፒታሉ ነው። የሰውየው ክንድ ላይ መርፌ ተሰክቶ፣ አጎትህን አንስተህ በቦታህ አስቀመጥክ። እኔ ስቀልድ የኖርኩት ሰው እንዲስቅ ነበር። አንተ ቀልዴን መደበቂያ አደረግኸው። ሰው ደግሞ አመነህ፤ ከጥንቱም እምነቱን የሚሰጠው ላንተ ነበርና።

አሁን ሥራዬን ልሥራ። የሚቀጥለውን ጨዋታ ልገምግምልህ፤ ለቻናሉ አልላክሁትም፣ ላንተ ብቻ ነው።

ለበዓሉ ሲባል ለዚህ አንድ ጊዜ ቅዳሜ፣ በዘመን መለወጫ ጠዋት፣ የሊጉ መዝጊያ ነው። ጎህና ራንቸርስ። ለእኛ የሚከፍተው ሐዲስ ነው። ከወደቀ ወዲህ አንድ ጊዜ ወርውሮ በአምስት ኢኒንግ አንድ ነጥብ ብቻ ሰጠ፤ ሰባት ሰው አሰናበተ። ክንዱ ድኗል። ለራንቸርስ ማርቪን ነው፤ ባለፉት ሁለት ጨዋታዎች አምስት አምስት ሰጥቷል። በቁጥር ጎህ ያሸንፋል። ቁጥሩ ውስጥ የማይገባውን ደግሞ ልንገርህ። ሐዲስ አሁን ከማንም ጋር መኪና አይጋራም፤ ሁለት አውቶብስ ቀይሮ ነው ሜዳ የሚመጣው። ተራው ሲያልቅ ከቡድኑ ጋር አይቀመጥም፤ አጥሩ ጋ ብቻውን ይቆማል። አሠልጣኙ «ምን ሆነሃል?» ሲለው «ደህና ነኝ» ይላል። የእኔን ሰላምታ በአንገቱ ይመልሳል፤ ጨዋ ነውና።

እኔ አልነግረውም። ፈድሉም አይነግረውም። እናትህም አታውቅም፤ የእኔና የእሱን ኩርፊያ የሰማች ዕለት «ደግሞ ምን ቀልደህ ነው?» ብላ የጮኸችው በእኔ ላይ ነው። ተቀበልኩላት።

ከጨዋታው በፊት ሂድና ንገረው። «ፓኒክ አደረግሁ» ብለህ አታሳጥረው። ለፈድሉ ያልከውን፣ ሆስፒታል ያልከውን፣ ሁለቱንም ተናገር። ይመታህ ይሆናል፤ ቁም። ይቅር ላይልህም ይችላል፤ ቁም። ለበዓሉ እናትህ ወደ እኔ ይዛህ ልትመጣ ነው አሉ። በእሱ በር ሳታልፍ ከመጣህ ለእሷ ወንበር አለኝ፣ ላንተ የለኝም።

እወድሃለሁ፤ ይህም አልተለወጠም፣ ለዚህ ነው የሚያመኝ።

ስሙን እስክትወስድልኝ ድረስ ባንተ ፋንታ ከዳተኛ የምባለው፣
አጎትህ ኪዳነወልድ